የካርቶኑ ጀርባ

አምቦ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላውን ተክሎ፣ የጽሕፈት መኪናውን ሣጥን ላይ አስቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ኤጄታ የሚባል ሰው ነበር። ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በልጅነቱ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለተማረ እንግሊዝኛ ያነባል። ያነባል ስላችሁ እንደ ዋዛ እንዳታዩት! ከካቺሲ ድረስ ገበሬ የከብት መድኃኒት ወረቀት ይዞለት ይመጣል። ጊንጪ ያሉ እናቶች ከውጭ አገር የተላከላቸውን ደብዳቤ ያስነብቡታል። የሰፈሩ ሰውማ ክኒን በገዛ ቁጥር “እስቲ ኦቦ ኤጄታ ይዩልኝ” ይላል። እሱም መነጽሩን ከደረት ኪሱ ያወጣል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፣ ያነባል፣ ይተረጉማል።

አንድ አመል ግን ነበረበት። “አላውቅም” የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ያልገባውን በግምት ይሞላዋል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሰምርለት ማን ይጠርጥረው? እሱም ራሱን አልጠረጠረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የተመነጠረው ግን እሱ አልነበረም፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሚስቱ ድንቅቱ ትባላለች። ሳቂታ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሐል ድምፅዋ የሚለይ ሴት ነበረች። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ላይ ውኃ ውኃ ይላት ጀመር። ጠጥታ አትረካም። ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር ስኳር አለብሽ አሏት።

ከቤታቸው ሦስት በር አልፎ ሶረቲ የምትባል ነርስ ትኖራለች። ይህንን እንደሰማች ነጠላዋን ደርባ መጣችና ድንቅቱን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

“አዴ ድንቅቱ፣ የመድኃኒትሽ ግማሹ ክኒኑ ነው፣ ግማሹ ድስትሽ ውስጥ ነው” አለቻት። “የገብስ ቅንጬ ብይ፤ ባቄላ፣ ሽሮ፣ ጎመን ብይ። እሱንም መጥነሽ። ሻይሽን ያለ ስኳር ልመጂው። ለስላሳና ነጭ ዳቦ ይቅርብሽ። የታሸገ ነገር ካመጡልሽ ደግሞ ፊቱን አይተሽ እንዳትሸወጂ፣ ጀርባውን አስነብቢ። ፊቱ ላይ የሚጻፈው ለመሸጥ ነው። እግርሽንም በየቀኑ እዪው።”

ድንቅቱ ያሏትን የምታደርግ ሰው ነች። ወንድሟ ከወንጪ ገብስ በፈረስ ይልክላታል፤ እሷ ትከካለች፣ ትቀቅላለች፣ ትበላለች። በስድስት ወሩ ስኳሯ ወረደ። ሶረቲ ውጤቱን አይታ እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አላበቃም። የሰው አፍ አለ።

እኛ አገር የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ጭማቂ በካርቶን፣ ብስኩት በፓኬት፣ ለስላሳ በጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ። ድንቅቱ እያመሰገነች ትቀበልና ለሌላ እንግዳ ታቀርበዋለች፤ እሷ ቅንጬዋን ትበላለች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊጠይቋት ከመጡት ሴቶች አንዷ ሳህኗን አየችና “ማሎ! ልጅሽ አዲስ አበባ እየሠራች አንቺ ገብስ ታላምጪያለሽ?” አለቻት። ድንቅቱ ሳቀች። ኤጄታ ግን አልሳቀም። የተናገረችው ለእሱ መሰለው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አይደል? ያ ሚስቱን አፋፍ ላይ ይዞ ያቆመለት ገብስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኑን ይወጋው ጀመር። ማግስቱን ለልጁ ለለንሳ ስልክ ደወለ።

“እናትሽን እንደ ቸገረው ሰው ገብስ እያበላናት ነው” አላት። “ለስኳር በሽተኛ ተብሎ የሚሠራ የፈረንጅ ምግብ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ፈልጊላት።”

ለንሳ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ መኝታ ክፍል የምታጸዳ ልጅ ነች። ከምታገኛት ደመወዝ ቀንሳ፣ ትልቅ መደብር ገብታ፣ የተሻለውን ጠይቃ ገዛችና በአውቶቡስ ላከች። በአረንጓዴ ካርቶን የታሸገ ብስኩት ነው። ፊቱ ላይ የስንዴ ዛላና ወገቧ የቀጠነ ፈረንጅ ተሥሎበታል። በትልቁ “ዳይት” ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ስኳር እንዳልተጨመረበት በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ኤጄታ ከመነኻሪያ ቤቱ እስኪደርስ ሰው እንዲያየው በብብቱ ሳይሆን በእጁ ይዞት ሄደ።

ድንቅቱ ካርቶኑን ተቀብላ አገላበጠችው።

“አባ ለንሳ፣ እስቲ ጀርባውን አንብብልኝ። ሶረቲ ሳታስነብቢ እንዳትበዪ ብላኛለች።”

ኤጄታ መነጽሩን ወለወለ። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ የጉንዳን መንገድ ይመስላል። መጀመሪያ የስንዴ ዱቄት ይላል። ጥሩ። ቀጥሎ ግሉኮስ ይላል። ግሉኮስንማ ያውቀዋል! ታይፎይድ ጥሎት ሆስፒታል በተኛ ጊዜ በክንዱ የገባለት፣ ከአልጋ ያነሳው እሱ ነው። “ግሉኮስ ሲሰቀልልኝ ነው ነፍሴ የተመለሰችው” እያለ ስንት ዓመት አውርቶታል። በእኛ ዘንድ ግሉኮስ ማለት ጉልበት ነው፤ የደከመው ሁሉ “ግሉኮስ አድርጉልኝ” ብሎ ነው ሐኪም የሚለምነው። ደስ አለው። ሦስተኛውን ቃል ሲያይ ግን ምላሱ ተያዘ። ረጅም ቃል ነው፤ በማልቶ ይጀምርና መጨረሻው የት እንደሚደርስ አይታወቅም። በዕድሜው አይቶት አያውቅም። አንገቱን አላበው። ድንቅቱ ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች። የሶረቲ ቤት ሦስት በር ነው፤ ካርቶኑን ይዞ ቢወጣ ሻይ ሳይበርድ ይመለስ ነበር። ግን እሱ፣ ኤጄታ፣ ወረቀት ይዞ የሰው በር ያንኳኳል? የትናንት ልጅ “ይህንንም አያውቁትም እንዴ?” ትበለው?

“ግሉኮስ አለው፣ ጉልበት ይሰጥሻል” አለ። ጣቱን ሦስተኛው ቃል ላይ እንዳሳረፈ፣ “ይኼኛው ደግሞ ቫይታሚን ነው።”

ድንቅቱ አንዱን ቀመሰች። ዓይኗ በራ።

“እንዴ፣ ይጣፍጣል እኮ! ስኳር ከሌለው ምኑ ነው የሚጣፍጠው?”

“ፈረንጅ የማያውቀው ነገር አለ?” አላት።

ጠዋት ስድስት ብስኩት፣ ማታ ስድስት ብስኩት ትበላ ጀመር። ያጠግባል እየተባለ፣ ያቀጥናል እየተባለ፣ የወንጪ ገብስ በጆንያው እንደታሰረ ነቀዝ ገባው። ለንሳ በየወሩ ትልካለች። ያን ዓመት ስኳር ከገበያ ጠፍቶ ሰው ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ይሰለፍ ነበር። ድንቅቱ ተሰልፋ ድርሻዋን ትቀበልና “ለእኔ መርዝ ነው” ብላ ለጎረቤት ትሰጠዋለች። ኧረ ጉድ ነው! በአንድ እጇ ስኳር እየሸሸች በሌላ እጇ ስኳር ትጎርሳለች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ጥሙ ተመለሰ። እግሯ ይደነዝዛት ጀመር። በቀጠሮዋ ቀን ስኳሯ ሰማይ ነክቶ ተገኘና ሐኪሙ “ምን እየበላሽ ነው?” ብሎ ተቆጣት። “ያላችሁኝን” አለች። አልዋሸችም፤ ብስኩቱን እንደ መድኃኒት እንጂ እንደ ምግብ አትቆጥረውም ነበር። ክኒን ጨመሩላት። ሶረቲ በዚያ ሰሞን ለሥራ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ በወር አንዴ ነበር ብቅ የምትለው። ከዚያ አንድ እሑድ አዲስ ጫማ ትንሿን የእግር ጣቷን ላጣት። ስለደነዘዛት አልተሰማትም። ስታየው ቁስሉ ከፍቷል፤ ሰው ላለማስቸገር ሸፋፍና ያዘችው። ሳይደርቅ በርጥቡ የሚለውን ሁላችንም የምናውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ጣቱ ጠቆረ፣ ጥቁረቱ ወደ ላይ ወጣ፣ አዲስ አበባ ወሰዷት። ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

አምቦ ስትመለስ ሶረቲ ልትጠይቃት መጣች። ፋሻውን ልትቀይርላት ፈልጋ ዕቃው የት እንዳለ ብትጠይቅ፣ ድንቅቱ ከራስጌዋ ያለውን አረንጓዴ ካርቶን አሳየቻት። ብስኩቱ ሲያልቅ ፋሻና ክኒን ማስቀመጫ አድርጋው ነበር። ሶረቲ አነሳችው፣ ፊቱን አየች፣ ገለበጠችው። ፋሻውን ረሳችው።

“ይህንን ስትበዪ ነበር?”

“አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የዳይት ነው እኮ።”

“ያ ዋቃዮ!” ሶረቲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “አዴ ድንቅቱ፣ እዚህ ላይ የሚጻፈው እንደየብዛቱ ነው። ቀድሞ የተጻፈው ይበዛል። ከዱቄቱ ቀጥሎ ግሉኮስ አለ። ግሉኮስ ራሱ ስኳር ነው! ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሰው የምንሰቅለው ለዚያ ነው። ሦስተኛው ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ሆድ ሲገባ ወዲያው ስኳር ይሆናል። ዘይቱም ለደም ሥር የማይበጀው፣ የሚረጋው ዘይት ነው። ነጭ ስኳር አልጨመርንም ለማለት ስሙን ቀያይረው ሞሉት። ዱቄትና ስኳር ስትበዪ ነው የከረምሽው።” ቀና አለች። “ማን ነው ያነበበልሽ?”

ኤጄታ በሩ ጋ ቆሟል። መቃኑን ያዘ። ድንቅቱ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ሰላሳ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ አይታው አታውቅም።

“ማንም አላነበበልኝም” አለች። “እኔው ሥዕሉን አይቼ በላሁ።”

“ኦቦ ኤጄታን የሚያህል ሰው ቤትሽ ውስጥ እያለ?”

“እሱ ሥራ ይበዛበታል።”

ያኔ አፉን መክፈት ነበረበት። አንድ ቃል! አልከፈተም። ሶረቲ ፋሻውን ቀይራ፣ እንባዋን ጠርጋ ሄደች። ድንቅቱም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ጎረቤት አዲስ ገብስ ከክቶላት ቅንጬዋን ጀመረች፤ ኤጄታ ራሱ ያበስልላት ነበር። ስኳሯም ትንሽ ወርዶ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ኩላሊቷ ቀድሞ ተጎድቷል። በ2005 መጋቢት ላይ አረፈች።

ለቅሶው ላይ ለንሳ መሬት ላይ ተንከባለለች። “ሃርሜ ኮ! እናቴን ደመወዜን እየከፈልኩ የገደልኳት እኔ ነኝ! ይህቺ እጄ ትቆረጥ!” ብስኩቱ ምን እንደነበር ከሶረቲ ሰምታለች። ሴቶቹ ሁለት እጇን ይዘው “አንቺ በፍቅር ነው፣ ምን ታውቂያለሽ” ይሏታል። ኤጄታ ከወንዶቹ መሐል ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ልጁ ባልሠራችው ኃጢአት ደረቷን ስትደቃ በጆሮው እየሰማ ዝም አለ። ሰዉ ደግሞ “ምስኪን፣ ሐዘኑ አንደበቱን ዘጋው” አለለት። እንዲህ ያለ ምስኪን!

ለንሳ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ቀን ጠዋት የእናቷን ዕቃ ስታጥፍ ካርቶኑን አልጋው ሥር አገኘችው። ይዛው ወጣች። ኤጄታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ቆማ ካርቶኑን ገለበጠችው፤ ጣቷን ያችው የጉንዳን መንገድ ላይ አሳረፈች።

“አባዬ፣ እኔ እንግሊዝኛው አይገባኝም። ብታነብላት ኖሮ እኮ…” ካርቶኑን ወደ እሱ ገፋችው። “አገር ሙሉ እያነበብክ፣ ለእሷ አንድ ቀን ብቻ ብታነብላት ኖሮ!”

ካርቶኑን ተቀበላት። መነጽሩን አላወጣም። ያችን ሦስተኛ ቃል ያለ መነጽርም ያውቃት ነበር።

“አንብቤላታለሁ” አለ።

ለንሳ አልገባትም። “ምኑን?”

“ይህንኑ። ሁሉንም። አንዱን አላወቅሁትም ነበር።”

“እና ምን አልካት?”

ኤጄታ አንገቱን ደፋ።

“ቫይታሚን ነው አልኳት።”