የታንጉት እጅ፣ የዘሀራ አፍ

ታንጉት ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ባሏን ፍለጋ ነበር። ሰውየው በደርግ ጊዜ ለውትድርና ተወስዶ ከአስመራ ሁለት ደብዳቤ ጽፎላታል፤ መንግሥት ሲለወጥ ግን ደብዳቤውም ሰውየውም ጠፋ። የተበተነው ወታደር አዲስ አበባ እየገባ ነው ሲባል ሰማች። በ1984 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ቋጠሮ ይዛ አማኑኤል ሰፈር የምትኖር የአክስቷ ልጅ፣ ባይነሽ ዘንድ አረፈች። ስድስት ወር ሙሉ ያገኘችውን ሁሉ ጠየቀች። አንዱ "ሱዳን ተሻግሯል" ይላታል፤ ሌላው "ከረን ላይ አይቼዋለሁ" ይላል። በስድስተኛው ወር ባይነሽ፣ "ታንጉቴ፣ ሰው ፍለጋም ቢሆን እኮ እህል ይፈልጋል" አለቻት። ክፉ ሆና አልነበረም፤ እሷም ችግረኛ ናት።

ታንጉት የምታውቀው ስፌት ነበር። አክርማና ስንደዶ፣ የስፌት ሣር ገዝታ፣ አክርማውን ቀይና አረንጓዴ ነክራ አለላ አድርጋ፣ አንድ ሰፌድ ሰፋችና ይዛው መርካቶ ወጣች። መሸጥ ግን አላወቀችበትም። ጭድ ተራ አጠገብ ሰፌዱን ከነጠላዋ ሥር ወሽቃ፣ ግንብ ተደግፋ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆመች። ሰው ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

ከፊት ለፊቷ ሰሌንና ገመድ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ሥራዋን እየሠራች ስታስተውላት ቆይታ ኖሮ፣ በመጨረሻ ተጣራች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሰፌዱ ይሸጣል ወይስ ብርድ መቶት ነው የሸፈንሽው?"

ታንጉት አፍራ ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ራሷ ሰበሰበች። ሴትየዋ ተነስታ ሰፌዱን ከነጠላው አወጣች፤ ገለበጠችው፤ ጀርባውን በጥፍሯ ፈተግ ፈተግ አደረገችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፌዝ ጠፋ።

"ይሄን ራስሽ ነሽ የሠራሽው?"

"እኔው ነኝ።"

"በይ እዚህ ቁጭ በይ። አትናገሪ፣ ዝም ብለሽ ብቻ ቁጭ በይ።"

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሰፌዱ ተሸጠ።

ሴትየዋ ዘሀራ ትባላለች። የስልጤ ልጅ ናት፤ ገና በሙሽርነቷ ባሏን ጁነዲንን ተከትላ መርካቶ ገብታ፣ ከዚያች ከቆርቆሮ መደብ ሳትነሳ የኖረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አሥራ ሦስት ዓመት አብረው ሠሩ። ታንጉት ትሰፋለች፤ ዘሀራ ትሸጣለች። ውል አልተጻፈም፣ ሽማግሌም አልተቀመጠም። ታንጉት በፆም ቀን ስትመጣ ዘሀራ ምሳዋን ዞር ብላ ትበላለች፤ ረመዳን ሲሆን ደግሞ ታንጉት ውሃዋን ባይነሽ ቤት ጠጥታ ነው የምትመጣው።

የዘሀራን አሻሻጥ ያየ አይረሳውም። ስለ ዕቃው ከማውራቷ በፊት ስለ ሰውየው ትጠይቃለች። "ለማን ነው መሶቡ? ለልጅሽ? መቼ ነው ሠርጉ? እልል በይልኝ!" እያለች፣ መሶቡን አንስታ ገዢዋ ክንድ ላይ ታስቀምጠዋለች። "ያዢው ግድ የለም፣ መያዝ አያስከፍልም" ትላለች። አንዴ የታቀፈውን መሶብ መልሶ መሬት ላይ ማስቀመጥ ለሰው እንዴት እንደሚከብድ ታውቃለች። ከሁሉም ትልቁንና ያማረውን መሶብ ከመደቡ በላይ ትሰቅለውና፣ ጠያቂ ሲመጣ "እሱ የሰው ነው፣ ታዟል" ትላለች። ሰው ያንን አይቶ ይገባል፣ ሌላ ገዝቶ ይወጣል። ታንጉት መጀመሪያ ውሸቱ ቢከነክናት፣ "ማን ነው ያዘዘው?" ብላ ጠየቀቻት።

"እኔ። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?"

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የፕላስቲክ ዕቃ መርካቶን አጥለቀለቀው። የፕላስቲክ ሰፌድ፣ የፕላስቲክ መሶብ፤ ሲቆሽሽ በውሃ ይታጠባል፣ ሲሰበር ይጣላል። ታንጉት ሁለት ወር የሰፋችውን ትተው ሰዎች ያንን ይዘው ሲሄዱ እያየች፣ "እንግዲህ የኔ ነገር አበቃ" አለች። ዘሀራ ግን ለሦስት ቀን ዝም አለች። ዝምታ ልማዷ ስላልነበረ ጁነዲን አመማት ብሎ ፈራ። በአራተኛው ቀን፣ "ትንንሽ ስፊልኝ። የዳቦ ማቅረቢያ። ክዳን አያስፈልገውም" አለቻት።

ስድስት የዳቦ ማቅረቢያ ይዘው ሆቴል ለሆቴል ዞሩ። አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ "እትዬ፣ እኛ የምንጠቀመው ፕላስቲክ ነው" ብሎ ሊሸኛቸው ሲል፣ ዘሀራ ከቦርሳዋ ትኩስ ዳቦ አወጣች። በር ላይ ገዝታው ነበር የገባችው። ግማሹን በእነሱ ፕላስቲክ፣ ግማሹን በታንጉት ስፌት አድርጋ በጨርቅ ሸፈነችና ስለ ልጆቹ ስትጠይቀው ቆየች። ከዚያ ገልጣ አሳየችው። የፕላስቲኩ ዳቦ ከሥሩ አልቦት ረጥቧል፤ የስፌቱ ደረቅ ነው። ሰውየው እየሳቀ አርባ አዘዘ። በዚያ ትዕዛዝና ከእሱ በኋላ በመጡት ታንጉት ከባይነሽ ቤት ወጥታ የራሷን ክፍል ተከራየች። ባሏንም መጠየቅ ያቆመችው በዚያው ዓመት ነው። ማንም ተዪ ያላት የለም፤ አንድ ቀን ሳትጠይቅ ዋለች፣ በማግሥቱም እንደዚያው።

በ1996 ዓ.ም. ክረምት የዘሀራ ድምፅ ሻከረ። ሃያ ዓመት የጮኸ ጉሮሮ ነው ተባለ። ዝንጅብል አፈላችለት፣ ማር ላሰችበት፣ አልለቅ አላት። ሐኪም ቤት ስትሄድ ዘግይታ ነበር። ክፉው በሽታ ጉሮሮዋ ውስጥ ሥር ሰድዷል አሏት። ጥቅምት ላይ ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ፤ በኅዳር ጭራሹን ጠፋ።

መደቡን ግን አልለቀቀችም። አንገቷን በሻሽ ጠቅልላ ትመጣና ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች። አሁን አፍ መሆን ያለባት ታንጉት ናት። የመጀመሪያው ቀን የሚያሳቅቅ ነበር። አንዲት ሴት መሶብ አንስታ፣ "ይበረክታል?" ስትላት ታንጉት፣ "ውሃ ከነካው ይበሰብሳል፤ አይጥም ይወደዋል" ብላ መለሰች። ሴትየዋ መሶቡን አስቀምጣ ሄደች። ዘሀራ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ታንጉት ያለቀሰች መስሏት ደንግጣ እጇን ብታነሳው፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ ትከሻዋን እያርገፈገፈው ነበር።

እያደር ተግባቡ። ገዢ ዋጋ ሲከራከር ዘሀራ የታንጉትን ጉልበት መታ ታደርጋለች፤ አንዴ ከመታች "አትቀንሺ" ነው፣ ሁለቴ ከመታች "ስጪው"። ታንጉትም የራሷን መንገድ አገኘች። እንደ ዘሀራ መቀለድ አልሆነላትም። መሶቡን ገልብጣ ጀርባውን ታሳያለች፤ "ይህችን ቀይ መስመር የጀመርኳት በፍልሰታ ሰሞን ነው፣ ያለቀችው ለመስቀል ነው" ትላለች። አንዳንዱ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ያንን ሲሰማ ዋጋ መከራከር ያሳፍረዋል።

ታኅሣሥ ላይ ዘሀራ ከአልጋ ዋለች። ከመውደቋ በፊት በቀበሌ በኩል ለገና ባዛር አስመዝግባ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር የሚጋሩት አንድ ጠረጴዛ አግኝታ ነበር። ባዛሩ ሲደርስ ታንጉት አልሄድም አለች።

"አንቺን እንዲህ ጥዬ ምን ልሠራ?"

የዘሀራ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከንፈሯን ማንበብ የቻለችው ልጇ ኢክራ ብቻ ነበረች። "ዕቃው ቤት ተቀምጦ ማን ያየዋል ትላለች" አለች ኢክራ። ትንሽ ቆይታ፣ "ደግሞ ትልቁን ስቀይው፣ እንዳትሸጪው ትላለች" ስትል ጨመረች።

ታንጉት ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሸጠች፤ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ማን ምን እንዳላት አንድ በአንድ ተረከች። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። አንድ ጎረምሳ ለእናቱ ሙዳይ ገዝቶ ሲያበቃ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ቆብ ደፍቶት እንደሄደ ስትነግራት ዘሀራ ዓይኖቿን ጨፍና ፈገግ አለች። እጇ ግን አንሶላው ላይ በጣም ቀጥኖ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ዕቃው አለቀ። በሕይወቷ እንዲህ ሆኖላት አያውቅም። አንዲት ጥሩ የለበሰች ሴት የተሰቀለውን መሶብ ጠይቃ፣ "የሰው ነው፣ ታዟል" ያለቻት ታንጉት ራሷ ናት፤ አፏ ሳይደነቃቀፍ ነው ያለችው። ይህንን ለዘሀራ እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት እያሰበች፣ ታማሚዋ ጭማቂ ብቻ መዋጥ ስለምትችል ብርቱካን ገዝታ፣ መሶቡን ታቅፋ ታክሲ ገባች። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርዳ በእግሯ ወደ ዘሀራ ቤት ገሰገሰች።

ከግቢው በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። ኮፍያ ያደረጉ ወንዶች ጫማቸው አፈር ለብሶ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጁነዲን ሲያያት ብድግ አለ።

"ጠዋት ነው" አላት። "አንቺ ወደ ባዛሩ ከሄድሽ ሰዓት ተኩልም አልሆነም ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናት።"

ታንጉት ብርቱካኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። "ባትጠሩኝ?"

"ሰው ልኬ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ አንድ ሰዓት ዞሮ አጣሽ። እኛ ደግሞ ሬሳ አናቆይም፣ ታንጉት። ታውቂያለሽ።"

ታውቃለች። አሥራ ሦስት ዓመት አብራቸው ኖራ ይህን አታውቅም አይባልም። ወደ ሴቶቹ ክፍል ገብታ ከኢክራ አጠገብ ተቀመጠች። ለቀስተኞቹ ቦታ ለቀቁላት፤ አንዷ መሶቡን ተቀብላት ጥግ አኖረችው። ሁሉንም እንደሸጠች የምትነግረው ሰው አልነበረም። ባሏን የትኛው አፈር እንደበላው አታውቅም፤ ዘሀራን ደግሞ በአንድ ታክሲ መንገድ ርቀት ላይ ሆና ሳትሸኛት ቀረች። ሦስቱን የለቅሶ ቀን ከዚያ ክፍል አልወጣችም።

ከአርባ ቀን በኋላ ጁነዲንን መቃብሩን እንዲያሳያት ለመነችው። እሱም እሺ ብሎ ወደ ኮልፌ ወሰዳት። መቃብሩ ላይ ጽሑፍ አልነበረም። በዚያ ሰሞን የመጣ ዝናብ አዲሶቹን አፈሮች አንድ መልክ አስይዟቸዋል። ጁነዲን አንዱ ዘንድ ቆመ፣ ተጠራጠረ፣ ወደ ቀጣዩ ሄደ፣ ተመለሰ።

"ከሁለቱ አንዷ ናት" አለ በመጨረሻ። "አላህ ይቅር ይበለኝ።"

"ግድ የለም ጋሼ" አለችው ታንጉት። በሁለቱ መካከል ቆመች። እሱ በሃይማኖቱ ዱዓ አደረገ፤ እሷ በሆዷ የምታውቀውን አለች።

በቀጣዩ ዓመት መደቦቹ ለሕንፃ ተነሱ። ጁነዲን ሰሌኑን ወደ ወንድሙ ሱቅ አስገባ፤ ኢክራ ትምህርቷን ጨርሳ አንድ ፋርማሲ ገባች። ታንጉት የስፌት መሸጫ ቦታ አላገኘችም። ማክሰኞና ዓርብ ለሆቴሎቹ የዳቦ ማቅረቢያ ራሷ ታደርሳለች። የቀረውን ቀን አማኑኤል መንገድ ዳር ፌስታል አንጥፋ ትቀመጣለች፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ሲል ስፌቱን ገልብጣ ጀርባውን ታሳያለች። ከባዛሩ የተመለሰውን ትልቁን መሶብ ለኢክራ ሠርግ ሰጠቻት። ኢክራ ስትቀበላት እጇን ስማ፣ "እናቴ ብትኖር ዋጋውን ስንት ትለኝ ነበር?" ብላ ልታስቃት ሞከረች። ታንጉት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች።