ልጄ ብስክሌት እየገፋች የሄደችበት መንገድ

የተወለድኩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። እዚያ ብስክሌት ያለው ሰው ግማሹን ቀን ሲገፋ ይውላል፤ አገሩ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ወርጄ ወፍጮ ቤት ስቀጠር ግን ሰዉ ሁሉ በብስክሌት ሲሄድ አየሁ። ማንበብን ብቻዬን እንደተማርኩ መንዳትንም ብቻዬን ተማርኩ። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ሰው ሲመክረኝ አልወድም ነበር።

በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን እሁድ እሁድ ለልማት ሲያስወጣን ከሰፈራችን እስከ ትምህርት ቤቱ በጅረቱ ዳር የብስክሌት መንገድ ሠራን። ቁጥቋጦውን መንጥረን ጠጠር አለበስነው። መሐል ላይ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ አለ። ወንድ እዚያ ሲደርስ ከብስክሌቱ ይወርድና ደወሉን አሰምቶ፣ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ያልፋል። ማንም አልደነገገውም፤ ሁሉም ግን ያከብረዋል።

ትልቋ ልጄ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ የምትጋግረውን ዳቦ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ አጠገብ ላለ ሻይ ቤት አድርሳ ነው ክፍል የምትገባው። ሸክሙ እያዘገያት ሁለት ጊዜ በር ተዘጋባት። ሚስቴ፣ “ብስክሌትህን ስጣት፤ አንተ እንደሆነ ወፍጮ ቤቱ ደጅህ ነው” አለችኝ።

ሰጠኋት። ግን እንዲህ ብዬ ነው፦ “ዳቦውን ከኋላ ታስሪና እየገፋሽ ትሄጃለሽ። ቁጭ ብለሽበት ያየሽ ሰው ቢነግረኝ፣ ወላሂ ሁለተኛ አትነኪውም።”

“ከተገፋማ ምኑን ብስክሌት ሆነ አባየ?”

“ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ አትወጣም። አለቀ!”

ይህ ትእዛዝ ከቁርአንም ከሐዲስም ያገኘሁት ነገር አይደለም። መስጊድ ደጃፍ ላይ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ፍርሃቴን በወላሂ መሸፈኔ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ወላጅ አምጪ ተባለች። በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ አስቆመኝ። “የዚያች የዳቦዋ ልጅ አባት አንቱ ነዎት?”

“ነኝ።”

“ብስክሌቱ እሷን መሸከሙ ቀርቶ እሷ ብስክሌቱን ትሸከማለች እንዴ? ጠጠሩ ላይ ስትገፋ፣ ዳቦው ሲያጋድል ቆማ ስታስር፣ በእግራቸው የሚመጡት ልጆች ‘ኤሊ! ኤሊ!’ እያሉ ያልፏታል። ፈጣሪን ይፍሩ እንጂ!”

ዲሬክተሩ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ደግማ ብታረፍድ ከመዝገብ እንደሚሰርዛት ነገረኝ። “ምክንያቷን ስጠይቃት ‘አባቴ አትቀመጪበት ብሎኛል’ ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም” አለ። ከሰፈር ርቃ ተቀምጣ ብትለማመድበት ማን ይነግረኝ ነበር? እሷ ግን አልዋሸችኝም። ልጅ ወላጁን ይታዘዝ እያልኩ ስሰብክ ኖሬ፣ የወላጅ ትእዛዝ ራሱ ልክ መሆን እንዳለበት አስቤ አላውቅም ነበር።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ አስለብሼ ጅረቱ ዳር ወሰድኳት። መቀመጫውን ከኋላ ይዤ እየሮጥኩ፣ “ፊት ፊትሽን እዪ! ጎማውን አትዪ!” እላለሁ። ሁለት ጊዜ ወደቀች። ወደ ሴቶቹ ስንቃረብ ከልማድ የተነሳ “ውረጂ!” ብዬ ጮኽኩ።

ልብስ የምታጥብ አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ቀና አለች። “አንተ ሰውዬ፣ እኛ የምናፍረው ወንድን ነው ወይስ ሴት ልጅን? አብሽሪ ልጄ፣ እለፊ! ይልቅ አንተ ፊትህን አዙር!”

ሴቶቹ ሳቁ። እውነቷን ነበርና ደንግጬ ወደ ማዶ ዞርኩ፤ ስዞር እጄ መቀመጫውን ለቀቀ። መልሼ ሳይ ልጄ ሴቶቹን አልፋ፣ መሪው በእጇ እየተወላገደ፣ ብቻዋን ትሄዳለች። እንደለቀቅኋት አላወቀችም፤ “አባየ ያዝከኝ?” ትላለች። እስከዚያ ቀን ለልጆቼ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። “ይዤሻለሁ!” አልኳት።

በማግስቱ ንጋት ከሱብሂ ሶላት ስወጣ የፈራሁት ነገር መጣ። አንድ የሰፈራችን ሰው፣ “ሴት ልጅህን ብስክሌት ላይ አወጣሃት አሉ?” አለኝ።

“አወጣኋት። ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።”

“ደግ አላደረግክም” ብሎኝ ሄደ። ይኸው ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልመጣም። ለዚህች አንዲት ቃል ብዬ ልጄን ከትምህርት ላስቀር ነበር።

ያን ጠዋት ወፍጮው ላይ ሆኜ አእምሮዬ ግን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበር። በምሳ ሰዓት ጉልበቷ ተልጦ፣ ቀሚሷ ጭቃ ነክቶት መጣች።

“በሩስ?” አልኳት።

“ክፍት ነበር። ባንዲራ ሲሰቀል ተሰልፌ ነበር።” ቀጥላ አንገቷን ደፋች። “ሁለት ዳቦ ግን ጅረት ውስጥ ገባብኝ።”

“አስተሳሰርሽ ነዋ የማይረባው!” ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣ ልማዴ ነው፤ በአንድ ቀን አይለቅም። የተላጠውን ጉልበቷን ሳይ ግን፣ “ነገ ዳቦውን እኔ ነኝ የማስርልሽ” አልኳት።