ጥርስ የማይዘው ላሜራ

ያ ላሜራ አቃቂ የደረሰው በባቡር ነው፤ ከጅቡቲ፣ በክፍት ፉርጎ፣ ሸራ ለብሶ። እንሠራበት የነበረው የብረታ ብረት ፋብሪካ ለጣቢያው ቅርብ ስለነበር ፉርጎው በቅርንጫፉ ሐዲድ ተገፍቶ እስከ አዳራሻችን ውስጥ ገባ። ያወረድኩት እኔ ነኝ። የክሬን ኦፕሬተር ነበርኩ። ከጣሪያው ሥር በምትንሸራተት ጠባብ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ፣ ብረት ሳነሳና ሳስቀምጥ ነው ወጣትነቴ ያለፈው።

ባለቤቴ ከታች በያጅ ነበር። የተዋወቅነውም እዚያው ነው፤ እሱ ቀና ሲል፣ እኔ ቁልቁል ሳይ። የእጁን ምልክት ከማንም ሰው ይልቅ ለይቼ አውቀው ነበር። መዳፉን ከዘረጋ አቆማለሁ፤ ጣቱን ወደ መሬት ካዞረ አወርዳለሁ። ስንጋባ ጓደኞቹ «እቤትም የምታወሩት በእጅ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። የምንኖረው ከሐዲዱ ማዶ፣ ከእናቱ ጋር ነው። የአማቴ ቤተሰቦች ፋብሪካ ሳይተከል በፊት በዚያው መሬት ላይ ሽምብራና ጤፍ የሚያርሱ ነበሩ። እሳቸው አሁንም የፋብሪካውን ግቢ ሲጠሩት «ማሳው» ነው የሚሉት። «ልጄ ማሳው ላይ ነው» ይላሉ ፈረቃ ሲገባ።

ላሜራው ወርዶ ሲደረደር ሠራተኛው ቅር አለው። ከድንጋይ ካባ ጠጠርና ጥርብ የሚጭኑ ፉርጎዎች ልንሠራ ታዘን ስለነበር ሁላችንም ወፍራም ብረት ነበር የጠበቅነው። የመጣው ግን ከለመድነው ግማሽ ያህል ቢወፍር ነው። አለቃችን ካቦው፣ አባታቸውም የባቡር ሰው የነበሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ፣ ሰበሰቡንና አስረዱን።

«ቀጭን ነው ብላችሁ አትናቁት» አሉ። «ይሄ ያንን ወፍራሙን ያህል ይሸከማል። እንደውም ይበልጣል። ፉርጎው በራሱ ክብደት አይደክምም፣ በተረፈው ክብደት ተጨማሪ ድንጋይ ይጭንበታል። ድንጋይ ቢወርድበትም ቶሎ አይበላም። ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እንደዚያኛው አድርጋችሁ ከያዛችሁት ይከዳችኋል።»

እውነታቸውን ነበር። ስናጥፈው እንደ ሞላ ተመልሶ ይቃናል፤ የምንፈልገውን ማዕዘን ለማግኘት ከልክ አሳልፈን ማጠፍ ነበረብን። መሰርሰሪያ ይበላል። ከመበየዱ በፊት መገናኛው በእሳት ለብ ማለት አለበት፤ ከበዛበት ደግሞ ጥንካሬው ይጠፋል፣ ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል። የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ እርጥበት እንዳይነካው እንደ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል። ካልተጠነቀቁለት ዛሬ ያማረ ብየዳ ነገ ከነገ ወዲያ ከውስጡ ይሰነጠቃል፤ ማንም ሳይነካው።

ባለቤቴ ወደደው። እንዲያ ሥራውን ሲወድ አይቼው አላውቅም። እራት ላይ ለእናቱ ያወራላቸዋል። «እማዬ፣ ብየዳውን ጨርሰሽ ትሄጃለሽ፤ በማግስቱ ገብተሽ በመዶሻ መታ መታ ታደርጊዋለሽ። ደህና ከሆነ እንደ ደወል ነው የሚጮኸው።»

«ካልሆነስ?» ይሉታል።

«ካልሆነማ ድምፁ ይሞታል። ገንጥለሽ እንደገና ነው።»

ችግሩ የጀመረው ከማንሻው ነው። ላሜራ አቁመን የምናነሳው በመንጋጋ ነበር። መንጋጋው ጥርስ አለው፤ ክሬኑ ሲስበው ጥርሱ ብረቱን ነክሶ ይይዛል። ተራው ላሜራ ላይ ካነሳን በኋላ የንክሻው ምልክት ይታያል። በዚህኛው ላይ ግን ምንም የለም። ካቦው በጣታቸው ዳስሰው ዳስሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልገባለትም። ጥርሱ ከሱ ይለሰልሳል» አሉ፤ የዚያኑ ቀንም በመንጋጋ ማንሳት ከለከሉ። ለዚህ ብረት የሚሆን መንጋጋ ከውጭ ታዘዘ። እስኪመጣ ድረስ የላሜራውን ጠርዝ እየበሳን በመቀርቀሪያና በሰንሰለት አነሳን። አንዱን ቀዳዳ ለመብሳት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ጊዜ ነበር።

በዚያ ክረምት መስመሩን ከድሬዳዋ ወዲያ ጎርፍ ቆረጠው። ድሮም ባቡሩ በሰዓቱ መምጣት ትቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ጭራሽ ቀረ። የታዘዘው መንጋጋ በዚያ ባቡር ላይ ነው። መሰርሰሪያውም እንዲሁ። እኛ ዘንድ የነበረው ተሰባብሮ አለቀ። የቀረን የመጨረሻው ፉርጎ ጎን ብቻ ነበር፤ አንድ ላሜራ። ካባው ፉርጎዎቹን እየጠበቀ ነው፣ ከላይ በየቀኑ ይደወላል። ካቦው ለብዙ ቀን እንቢ አሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ወደ ጋቢናዬ ቀና ብለው «በአሮጌው መንጋጋ እንሞክራለን» አሉኝ።

ዝም ብለው አላደረጉትም። ላሜራውን በጨርቅ አስጠረጉት። ከመሬት ትንሽ ከፍ አስደርገውኝ እንዲንጠለጠል ተዉት። ራሳቸው ቀርበው በመዶሻ መቱት፤ አልተንቀሳቀሰም። ደግመው መቱት። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ከሥሩ አራቁ። ባለቤቴ ብቻ፣ እንዳይሽከረከር ጫፉ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዞ፣ ከጎን ቆመ። እንደ ወትሮው ቀና ብሎ አየኝ። ጣቱን ወደ ፉርጎው አቅጣጫ ዘረጋ። ቀስ በቀስ ወሰድኩት።

ፉርጎው አጠገብ ደርሰን፣ መዳፉን ዘርግቶ አስቁሞኝ፣ ቀጥሎ ጣቱን ወደ መሬት አዞረ። ማውረድ ስጀምር መንጋጋው ላሜራውን ለቅቆ ባዶውን ወደ ላይ ዘለለ። ሰንሰለቱ ሲቀልል በእጄ ታወቀኝ። ላሜራው በጠርዙ መሬት ላይ አረፈ፣ ለቅጽበት ቆመ፣ ከዚያ ገመዱ ወዳለበት ወደቀ።

እንዴት ከመሰላሉ እንደወረድኩ አላስታውስም። ላሜራውን በእጃቸው ለማንሳት የሚታገሉ ሰዎች አስታውሳለሁ። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «ክሬኑን! ክሬኑን ማን ይንዳው?» አለ። ተመልሼ ወጣሁ። ሰንሰለቱን ከሥሩ አሳለፉለትና ከባለቤቴ ላይ ያነሳሁት ራሴ ነኝ።

አንድ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሌላው ቀረለት፣ ግን አልታዘዘውም። አማቴ ሆስፒታል ገብተው ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ ሲያዩ በኦሮምኛ «ያ ኢልመ ኮ» ብቻ አሉ፤ ልጄን፣ ልጄን። ከዚያ ቀን ወዲያ «ማሳው» ሲሉ አልሰማሁም። በማን እጅ እንደነበረ ያውቃሉ፤ ጠይቀውኝ ግን አያውቁም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱ መንጋጋ እሱ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መጣ። ከሣጥኑ ሲያወጡት ከላይ አየሁት። ጥሩ ዕቃ ነበር።

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ለሦስታችን የሚያበላ ሌላ አልነበረም። በየቀኑ መሰላሉን እወጣለሁ፣ ቁልቁል አያለሁ፣ የሌላ ሰው እጅ ምልክት ይሰጠኛል። እሱ ደጅ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዙሮ ይውላል። ያ ተጫዋች ሰው ወሬው አለቀበት። ካቦው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየመጡ አጠገቡ ይቀመጡ ነበር። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፤ ልጠው ሲሰጡት ይቀበላል፤ ይበላል። አንድ እሑድ ባለቤቴ ጠየቃቸው።

«ላሜራው ተጣመመ?»

ካቦው ሌላ ብርቱካን ከከረጢቱ አወጡ። «አልተጣመመም» አሉ።

«ጠርዙስ?»

«ጠርዙም ምንም አልሆነ።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁት?»

«ፉርጎው ላይ ገባ፤ በያጆቹ ጨረሱት።»

«በማግስቱ መታችሁት?»

«መታሁት። ደህና ነው።»

ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ፣ ፊቱን ወደ ሐዲዱ መለሰ። ካቦው ብርቱካኑን ሳይልጡ ጭናቸው ላይ እንደያዙ ቆዩና ተሰናብተው ሄዱ።

ክረምቱ ወጥቶ መስመሩ ሲጠገን ፉርጎዎቹ ሥራ ጀመሩ። ድንጋይ ጭነው በበራችን ያልፋሉ። እኔ የእኛዎቹን ለይቼ ለማወቅ አልሞክርም ነበር። እሱ ያውቃቸዋል። አንድ ቀን ለምሳ መጥቼ አጠገቡ ቆሜ ሳለ ባቡሩ መጣ። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ በዓይኑ ተከተለው። ከዚያ ሳያየኝ፣ በረጋ ድምፅ፣ «ለምን ቀስ አላልሽም?» አለ።

ቀስ ብዬ ነበር። ከዚያ በላይ ቀስ ማለት ያ ክሬን አይችልም። ግን አልመለስኩለትም። ምን ብዬ? ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቃሉን መልሶ ይወስደው ይሆናል ብዬ። ምግቡን አቀረብኩለት፣ በላ፣ ውኃ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ማታም አላነሳውም፣ በሌላም ቀን አላነሳውም። አንዳንድ ጊዜ እኔው ላነሳው አስብና ፊቱን ሳይ እተወዋለሁ። እንዲህ ሆነን ጥቂት ዓመት ኖርን። ቁስሉ እያመረቀዘ፣ እየዳነ፣ ደግሞ እያመረቀዘ ሰውነቱን ጨረሰው። ሲሞት እጁን ይዤ ነበር። ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ምልክት መስለውኝ ጎንበስ አልኩ። ምንም አልነበረም።

የባቡሩም ነገር ከዚያ በኋላ አልረዘመም። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ፋብሪካውም ሠራተኛ ቀነሰ፤ ከተቀነሱት አንዷ እኔ ነኝ። ሰፈራችን ሲፈርስ ከአማቴ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ አራተኛ ፎቅ። እሳቸው ደረጃውን መውረድ ስለማይችሉ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ናቸው። እንጀራ አቀርብላቸዋለሁ፣ እግራቸውን አጥባቸዋለሁ፣ «ተባረኪ» ይሉኛል። ስለ ልጃቸው አናወራም።

ካቦውን ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገኘኋቸው ሳሪስ አቦ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ በከዘራ ተደግፈው። ከአስፋልቱ ዳር ቆመን ታክሲ ስንጠብቅ፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገርኳቸው። ባለቤቴ «ለምን ቀስ አላልሽም?» ብሎኝ ነበር፣ ይኸው እስካሁን ድረስ ከነፍሴ አልወጣ አለ አልኳቸው።

ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔን ነበር መጠየቅ የነበረበት» አሉ። «በየእሑዱ የምመጣው እንዲጠይቀኝ ነበር።»

«እርስዎንማ ይወድዎት ነበር» አልኳቸው።

«አንቺንስ?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ። እሳቸውም ወደ አስፋልቱ ዞሩ። ታክሲ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ ደግፎ አስገባቸው። ሲሄዱ በመስኮት አላዩኝም። ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄደው አውቶቡስ ብዙ ቆይቶ መጣ፤ ሞልቶ ስለነበር ቆሜ ሄድኩ።