ከስሟ ጎን የታተመው ፊት

ስልኩን ያነሳሁት መሃል ከተማ ባለው ቢሯችን፣ ጄኔሬተሩ እየጮኸ ነው። ደዋዩ ሩንዳ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር ያለ የአንድ መኖሪያ ግቢ የጥበቃ ኃላፊ ነበር። የምሠራበት ድርጅት ትንሽ ነው፤ ለእንደዚህ ዓይነት ግቢዎች የበር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ያዘጋጃል። የእኔ ድርሻ ሪፖርቱ ነው። በየሳምንቱ የሚታተም ወረቀት ሲሆን የቤት ሠራተኞች፣ አትክልተኞችና ሾፌሮች ስም ከነፎቷቸው ይወጣበታል። አስካሪ የሚባሉት ዘበኞች ጠዋት በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሰው ፊት ከወረቀቱ ጋር ያስተያያሉ።

«ኢንጂነር፣ የአገርህን ሴት ይዣለሁ» አለኝ። «በሌላ ሰው ስም ልትገባ ስትል ነው የያዝኳት።»

እኔም በሰው አገር የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝና «የአገርህን ሴት» ሲል ድምፁ አላማረኝም። ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ይዤ፣ የቀረውን መንገድ በቦዳ ሞተር ሳይክል ሄጄ ደረስኩ።

ኃላፊው በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው፤ ሁሉም «ምዜ»፣ አባባ እንደማለት፣ ነው የሚለው። ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ስሙ የአበሻ ስም ነው፤ ከአጠገቡ ክብ ፊት ያላት፣ ሹሩባ የተሠራች ወጣት ፎቶ አለ። ጥበቃ ቤቱ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው ሴት ግን ፊቷ ረዘም ያለ፣ አርባዎቹን የጀመረች ናት። ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ልዩነቱን ያያል።

«ከፋሲካ ጀምሮ በዚህ በር ነው የምገባው» አለችኝ፣ አማርኛ መናገሬን ስትሰማ። «ያ አስካሪ እንኳን በስሜ ነው የሚጠራኝ። ዛሬ አላውቅሽም አለኝ።»

«ወረቀቱን የማወጣው እኔ ነኝ» አልኳት።

አየችኝ። «ታዲያ ፎቶዬን የቀየርከው አንተ ነህ?»

ምዜ መሃላችን ገባ። «ምን አለችህ? እኔ በምሰማው ቋንቋ ተናገሩ።»

ፓስፖርቷ የሥራ ፈቃድ ለማሳደስ ኢሚግሬሽን ገብቷል። በእጇ ያለው ፎቶ ኮፒ ነው፤ ኮፒው ላይ ደግሞ ፊቷ ጠቁሮ ማንም ሊሆን ይችላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ተጠራጠርኩ። የአንዱን የመግቢያ ፈቃድ ሌላው ይዞ ሲሠራበት ሰምቼ አውቃለሁ።

አሠሪዋ በመኪና መጣች። ከመኪናው አልወረደችም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወረቀቱን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች።

«ታዲያ ልጆቼን የምተወው ለማን ነበር?» አለች።

«ማዳም፣ እኔ ነኝ እኮ!» አለች ሴትዮዋ፤ ብድግ ብላ ወደ መኪናው ሄደች። መስኮቱ ተዘጋ። መኪናው ወደ ውስጥ ገባ፣ ሴትዮዋ በር ላይ ቀረች። ስልኳን ተቀብዬ ቁጥሬን መዘገብኩላትና ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

ዳታቤዙ ውስጥ ፎቶ የለም። ያለው የፎቶው ፋይል ስም ብቻ ነው። ፎቶዎቹ የሚቀመጡት ለብቻቸው፣ በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ሪፖርቱ የፋይሉን ስም ያነባል፣ ፎልደሩን ከፍቶ በዚያ ስም ያለውን ፎቶ ያወጣና ከሰውየው ስም ጎን ያትመዋል። የማን ፊት እንደሆነ አያውቅም። በመግቢያ ቁጥሯ ፈለግኳት። ስሟ ልክ ነው፤ የፋይሉም ስም ልክ ነው። ፋይሉ ራሱ ግን ያለፈው ዓርብ የተቀመጠ አዲስ ፋይል ነው። በአሮጌው ፋይል ስም የሌላ ሰው ፎቶ ተቀምጦበታል ማለት ነው። ዓርብ ዕለት መመዝገቢያው ኮምፒውተር ላይ በማን ስም እንደተገባ አየሁ። በምዜ ነው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ምዜ የእህቱ ልጅ ሥራ እንደምትፈልግ፣ እዚያው ግቢ ቢገኝላት ደስ እንደሚለው አንድ ቀን አውርቶኛል። ክብ ፊት ያላት ልጅ እሷ ብትሆንስ? ነገሩ በአእምሮዬ እያደረ የተረጋገጠ መሰለኝ። በማግስቱ ደወልኩለት።

«ምዜ፣ ዓርብ ዕለት ፎቶ ቀይረሃል?»

«ፎቶ አነሳሁ እንጂ የማንንም አልቀየርኩም።»

«የማንን አነሳህ?»

«በቀን ስንት ሰው ነው የማነሳው? ቆይ አንተ፣ ፕሮግራሙ የእናንተ፣ ሴትዮዋ የአገርህ ሰው፣ በአማርኛ ስታንሾካሹኩ ያየኋችሁ እኔ፤ ደግሞ የምትጠረጥረው እኔን ነው?» ብሎ ዘጋብኝ።

በዚያው አልቆመም፤ ለአለቃዬ ደወለ። አለቃዬ ጠርቶኝ ነገሩን በዝግታ ጠየቀኝ፣ ሴትዮዋን ከዚህ በፊት አውቃት እንደሆነም ጠየቀኝ። «አላውቃትም» ስል እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ግን የሰርቨሩን የይለፍ ቃል «ለጊዜው» ቀየረው። ከዚያ በኋላ የዚያን ግቢ ሥራ የምነካው እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ብቻ ሆነ። ሴትዮዋም ትደውላለች። «አገኘኸው?» ትላለች፤ «አላገኘሁም» ስላት ስልኩን ትዘጋለች፤ «ታውቃለህ፣ ትደብቅብኛለህ» ያለችኝ ይመስለኝ ነበር።

የሳምንቱ ሪፖርት የሚታተምበት ቀን ደረሰ። ግቢው ሁለት በር አለው፤ ለየበሩ የተለየ ወረቀት ነው የሚወጣው። አለቃዬ በትከሻዬ አሻግሮ እያየ የጓሮውን በር ወረቀት ሳገላብጥ ያቺ ክብ ፊት፣ ያ ሹሩባ ብቅ አለ። ከጎኑም ያው ስም፣ ያው የአባት ስም አለ። የመግቢያ ቁጥሩና የምትሠራበት ቤት ግን ሌላ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው? አንድ ሰው ሁለቴ ተመዝግቧል?» አለ አለቃዬ።

«አይደለም» አልኩ። «ሁለት ሰዎች ናቸው።»

የመመዝገቢያውን ክፍል የሠራው ከእኔ በፊት የነበረ፣ አሁን ሥራ የለቀቀ ሰው ነው። ከፍተን አየነው። ፎቶ ሲነሳ ፋይሉን በሰውየው ስምና በአባቱ ስም ይሰይመዋል። በዚያ ስም ሌላ ፋይል ካለ ምንም ሳይጠይቅ አጥፍቶ አዲሱን ይተካል። ዓርብ ዕለት አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት በጓሮው በር በኩል ባለ ቤት ልትቀጠር መጥታ ምዜ ፎቶ አንስቷታል። በዚያች ደቂቃ የፊተኛዋ ሴትዮ ፎቶ ከፎልደሩ ጠፋ።

አለቃዬ «ሁለቱንም በር ላይ ጥራቸው፤ ምዜ በዓይኑ ካላየ አያምንም» አለኝ።

ሁለቱ ሴቶች ጥበቃ ቤቱ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ቆሙ። ወጣቷ ምን እንደተፈጠረ ስላልገባት ፈርታ ቦርሳዋን አቅፋለች። ምዜ የሁለቱን ስም እየጠየቀ አስጠራቸው። ከዚያ ፊቱ ፈካ፤ ደረስኩበት እንደሚል ሰው።

«አባታችሁ አንድ ነው። እህትማማቾች ናችሁ! ታዲያ ለምን ደበቃችሁ?»

«የአባታችን ስም ነው አንድ እንጂ አባታችንስ አንድ አይደለም» አለች ትልቋ።

ተረጎምኩለት። ባሰበት። «እንዴት ያለ ነገር ነው? የአባት ስም አንድ፣ አባት ሌላ? ኢንጂነር፣ አንተ ነህ ያስጠናሃቸው።»

እኛ ዘንድ የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የአባት ስም የአንድ ሰው ስም እንጂ የዘር ስም እንዳልሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። አልሆነም። ኋላ ወጣቷ ራሷ ፓስፖርቷን አውጥታ የአያቷን ስም አሳየችው። ትልቋም ያንን የጠቆረ ፎቶ ኮፒ ዘረጋች፤ ፊቱ ባይታይም የአያት ስሙ ይነበባል። ምዜ ሁለቱን አጠጋግቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«ስለዚህ ስሕተቱ የማሽኑ ነው» አለ በመጨረሻ። ይቅርታ አልጠየቀም። ወንበሩን አምጥቶ ትልቋን «ተቀመጪ» አላት። እኔም የእህቱን ልጅ ነገር አላነሳሁበትም።

ማዳም ግን ሌላ ሠራተኛ ቀጥራ ነበር። ሲደወልላት አዝናለሁ አለች፣ ከፈለገች ከወሩ መጨረሻ በኋላ ትመለስ አለች። ሴትዮዋ ስልኩን ይዛ አሰበችና «ያ መስኮት ሲዘጋ አይቻለሁ፤ አልመለስም» አለችኝ። መልእክቱን ለስለስ አድርጌ አስተላለፍኩ። ሥራ ያገኘችላት ያቺ ሞክሼዋ ናት፤ አሠሪዎቿ ጎረቤታቸው ሞግዚት ሲፈልግ ነግረዋት ኖሮ ይዛት ሄደች።

እኔም ፋይሎቹን በስም መሰየም ተውኩና በመግቢያ ቁጥር እንዲሰየሙ አደረግኩ። አሮጌዎቹን ሁሉ ስናጣራ ፊታቸው የተምታታ ሌሎች ሰዎችም አገኘን፤ ከመካከላቸው ማንም ገና አልተያዘም ነበር። የይለፍ ቃሉ ሳይነገር ተመለሰልኝ።

ሴትዮዋ አዲስ መግቢያ ልታወጣ የመጣች ቀን እዚያው ነበርኩ። ምዜ ራሱ አነሳት። ልሂድ አላለችም፤ ወረቀቱ ታትሞ እስኪወጣ ቆማ ጠበቀች። ሰጠኋት። ስሟን በጣቷ ተከትላ ፎቶው ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ብላ አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች። ቀጥላም፣ «ግን ወንድሜ፣ እንደዚህ ከስቻለሁ እንዴ?»