የቡሬ አሟሟት

ደባርቅ አጠገብ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር የሚኖረው ያርጋል፣ እግዚአብሔር የሚሠራውን ሁሉ ከነምክንያቱ ያውቅ ነበር።

ይህን ስል ሰውየውን ለማማት አይደለም። ጎበዝ ገበሬ ነው፤ ጾም አይገድፍ፣ በዓል አይሽር፣ ከለቅሶ አይቀር። ችግሩ ከለቅሶ አለመቅረቱ ነው። የደምለውን ገብስ በረዶ በመታው ጊዜ ሌላው ሰው «ምትኩን ይስጥህ» ብሎ ወጣ። ያርጋል ግን ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠና «በአቦ ዕለት ስታርም አይቼሃለሁ» አለው። የአንዱን ጫጩት ጭልፊት ሲወስድ የገብርኤልን ቀን፣ የሌላውን አጥር ጎርፍ ሲወስድ የሥላሴን ቀን ያነሣል። ከወሩ ሠላሳ ቀን ታቦት የሌለው ቀን ስለሌለ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

«አንተ ሰው ልታጽናና ስትሄድ እኔ እዚህ ሆኜ እጸልያለሁ» ትለው ነበር ሚስቱ ስጦታ።

«ለተጎዱት?»

«አንተ ዝም እንድትል።»

ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ወለተ ሥላሴ በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ከሁለት በሬዎቿ አንዱ ርጥብ ሣር በልቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ ሞተባት። ያርጋል ሄደ፤ ተቀመጠ። ያን ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ የትኛው በዓል እንደተሻረ አልታየው አለ። ባዶ እጁን መውጣት ደግሞ አይወድም። ስለዚህ በጅምላ ተናገረ፦ «እቴ፣ በሬ እንዲያው አይሞትም። የረሳሽው ኃጢአት ይኖርሻል፤ ፈልጊው።» በማግስቱ ነገሩን ረሳው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን፣ የማርያም ጽዋ ማኅበር ተራው የያርጋል ሆነ። ቤቱ ሞላ፤ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ዳቦውን ባረኩ፤ ጠላው ዞረ። ደምለው ለአንድ ጉዳይ ወደ ጓሮ ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«ያርጋል፣ በጉሙ ውስጥ ቡሬ ገደል ገብቷል» አለ።

ቡሬ ከያርጋል ሁለት የእርሻ በሬዎች ትልቁ ነው። ያርጋል ሮጦ ሄዶ ከአፋፉ ቁልቁል አየና ተመለሰ። ወደ ቤት ሲገባ አጽናኞቹ ዋንጫቸውን እንደያዙ ተቀምጠው ቆዩት፤ ከየቤታቸው መምጣት እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ደምለው ጋቢውን አስተካከለ።

«መቼም በሬ እንዲያው አይሞትም ስትል ነው የምንሰማው» አለ። «ጠላው ቀጥኖ ይሆን? የእመቤታችን ጽዋ በቀጭን ጠላ ሲሆን...»

«ሦስተኛውን ዋንጫ ይዘህ ጠላዬን አትማ» አለች ስጦታ ከጓዳ።

አንዱ በሚካኤል ዕለት ከዚህ ቤት የሚስማር ድምፅ መስማቱን ተናገረ። ሌላው ያርጋል ቅዳሴ ላይ እንደሚያንቀላፋ አስታወሰ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ያለም አልጠፋ። ያርጋልን ያንገበገበው ነገሩ ሳይሆን ሁሉም በእሱ ድምፅና በእሱ አቀማመጥ መናገራቸው ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሠላሳውን ቀን አንድ በአንድ ቆጠረ። አልሻረም። እንደገና ቆጠረ፤ አሁንም የለም። በማግስቱ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ ምን በድዬ ነው?»

«በሬውን ማን ይጠብቅ ነበር?»

«ማንም። ሁላችን ጽዋ ላይ ነበርን።»

«ጉም ነበር?»

«ነበር።»

«ገደሉስ?»

«ገደሉማ የት ይሄዳል፣ አባ።»

«በል እንግዲህ።»

«እሱማ ገብቶኛል። እግዚአብሔር ለምን ፈቀደ ነው የምለው።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩት። «ልጄ፣ እኔ ቄስ ነኝ እንጂ የእሱ ጸሐፊ አይደለሁም። አንተም አይደለህም። ይልቅ ዝናቡ ሳያመልጥህ መቀናጆ ፈልግ።»

እውነታቸውን ነው። በአንድ በሬ አይታረስም፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች ጠምደው በየተራ የሚያርሱት ለዚህ ነው። ስንዴው በጊዜ ካልተዘራ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ማየት ይመጣል። ያርጋል መንደሩን ዞረ፤ ሁሉም ጥማዱን ይዟል። ቀሪዋ ባለ አንድ በሬ ወለተ ሥላሴ ብቻ ናት። መቀናጆዋ የነበረው ወንድሟ ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶባት፣ ማሳዋ ጦሙን አድሯል።

ያርጋል ሁለት ቀን በደጇ አለፈ፤ ሁለቱንም ቀን «በግ አላየሽም?» ብሎ ጠየቃት። በሦስተኛው ቀን ቀደመችው።

«ዛሬም በግ ጠፋህ?»

«በሬ ነው እንጂ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ሰምቻለሁ። ምትኩን ይስጥህ።»

ያርጋል ቀሪውን ጠበቀ። ቀሪ የለም። ከመንደሩ ሰው ሁሉ እሷ ብቻ ምክንያት አልሰጠችውም፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ አሳፈረው። እየተንተባተበ መቀናጆ እንድትሆነው ለመናት።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «የኔ በሬ ለምን ነበር የሞተ?»

ታቦታቱ እንደ ልማዳቸው ወደ ምላሱ መጡ። ቀና ብሎ ሲያያት ግን እያሾፈችበት አይደለም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልገው ኖርሁ» አለች። «የልጅነቴን ሳይቀር ተናዘዝሁ፤ ቄሱ እስኪሰለቻቸው። ከጎረቤት ያስቀረሁትን ወንፊት እንኳ መልሻለሁ። አላገኘሁትም። የምታውቀው ከሆነ ንገረኝና ልረፍ።»

ያርጋል እንዲህ ያለ ሸክም በሰው ጀርባ ጭኖ ጠላ ሲጠጣ መኖሩን እስከዚያች ሰዓት አላወቀም ነበር።

«አላውቅም፣ እቴ» አለ። «ያን ጊዜም አላውቅም ነበር።»

ወለተ ሥላሴ ደጃፏ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ፣ ገና እንባዋ ሳይደርቅ፣ ሳቅ አመለጣት።

«ይቺን ቃል ለማውጣት ሁለት ዓመትና ሁለት በሬ ፈጀብን» አለች። «በል በሬህን ፍታው። ግን መጀመሪያ የኔን ማሳ ታርሳለህ።»

ያርጋል «ለምን?» ሊል አፉን ከፈተ። ተወውና በሬውን ሊፈታ ሄደ።