የጥበቃው ሸሚዝ

ጅጅጋ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ውስጥ በአስተማሪነት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ስድስት የእግር ስፌት መኪና፣ ሁለት መቀስና አንድ ሜትር ተረከብኩ። ሠልጣኞቹ ከደምበልና ከአይሻ ገጠር የመጡ አምስት ልጃገረዶች ነበሩ። ኃላፊው «ሜትሩ እንዳይጠፋ» አለኝ። ሌላ ምክር አልሰጠኝም።

መጀመሪያ ያስተማርኩት ልኬት ነው፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ። እርስ በርስ ሲለካኩ ይሳሳቃሉ። የደምበሏ ፈርዶሳ ግን ወንድ አልለካም አለች።

«ኤዶ» አለችኝ፤ በሶማሊኛ አክስቴ ማለት ነው። «ባዳ ወንድ ደረት ላይ እጄን አላሳርፍም።»

«የሚያርፈው ሜትሩ ነው» አልኳት።

«ሜትሩን የያዘው ማን ነው?»

የምዘናው ቀን ሲደርስ ትለካለች ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ምዘናውን ያላለፈች ሠልጣኝ የስፌት መኪና አይሰጣትም። የፈርዶሳ ቤተሰብ ፍየሎች በድርቅ አልቀዋል። እናቷ የምትጠብቀው መኪናዋን ነበር።

መዛኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነው። የወንድ ሸሚዝ ለክተው እንዲሰፉ አዘዘ። ለልኬት የቆመው ጥበቃችን አብዲ ነበር፤ አምስት ሸሚዝ ሊደርሰው ስለሆነ ደስ ብሎታል። አራቱ ልጆች ፊታቸውን አዙረው ለኩት። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ ሁለቱን መቀሶች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አመላለስኳቸው።

ፈርዶሳ ተራዋ ሲደርስ ከፌስታል የአብዲን አሮጌ ሸሚዝ አወጣች። ለልኬት የሚቆመው እሱ መሆኑን ሰምታ በዋዜማው ከሚስቱ ተውሳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መለካት ጀመረች።

«ሰውዬው እዚህ ቆሞ ሸሚዙን ምን ያደርግልሻል?» አላት መዛኙ።

በሶማሊኛ መለሰች። እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ፤ «ሸሚዙ ሆዱን ወደ ውስጥ አይስብም፤ ሰውዬው ይስባል፤ ትላለች።»

«እኔ?» አለ አብዲ፣ ሆዱን እንደሳበ።

መዛኙ አልሳቀም። «ገና ብቁ አይደለችም» ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ። ከዚያ በፊት መዛኝን ተቃውሜ አላውቅም። «ሸሚዞቹ ካለቁ በኋላ ይጻፍ» አልኩት። ቅር እያለው ተወው።

በማግስቱ አብዲ ሸሚዞቹን በየተራ ለበሰ። ቆሞ ሲታይ አምስቱም ልክ ናቸው።

«ያው ነው እንግዲህ» አለኝ መዛኙ።

«ይቀመጥባቸው» አልኩ።

በመጀመሪያው ሸሚዝ ሲቀመጥ ቁልፉ ተፈናጥሮ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሌሎቹ ሦስቱም ሆዱ ላይ ተወጥረው ተከፈቱ። «ጥፋቱ የሚስቴ ነው፤ ታበላኛለች» አለ አብዲ። በፈርዶሳ ሸሚዝ ተቀመጠ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ቁልፍ አነሳ።

መዛኙ ቅጹን ደጋግሞ አየና ፈረመላት። ሌሎቹ ልጆችም የሸሚዛቸውን ጎን አስፍተው እንዲያስረክቡ ፈቀደ። የፈርዶሳ መኪና በዚያው ሳምንት በአይሱዙ ተጭኖ ደምበል ሄደ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የልኬት ትምህርት ስጀምር አሮጌ ልብስ አስመጣ ነበር። ልብስ የሚለካው ሆዱን ስቦ ለሚቆም ሰው አይደለም፤ ለሚቀመጥ ሰው ነው።