ከባቅላባው ሥር የነበረው ደብዳቤ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ጾም መሻሬን ተናዝዣለሁ፤ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። አሁን የምጽፈው ልቤ ስለ ራራ አይደለም። ስለ ተናደድኩ ነው፤ የተናደድኩትም በራሴ ነው።

አዳማ ውስጥ በአንድ የምግብ ፋብሪካ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። የታሸገ ናሙና ያለ ሁለት ሰው ፊርማ ከፍቼ አላውቅም፤ በዚህም ስኮራ ኖሬያለሁ። ከአራት ዓመት በፊት፣ በግንቦት፣ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ቤይሩት ተላክኩ። የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነብ ልጅ ሰሚራ እዚያው በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እትዬ ዘይነብ የሆቴሌን ስም በስልክ ነገሯት።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ሰሚራ መጣች። ያስቀጠረቻት ደላላ፣ የአገራችን ሴት፣ ከአጠገቧ አልተለየችም፤ ሰዓቷን ታያለች። ሰሚራ በገመድ የታሰረ የባቅላባ ካርቶን በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«እማ ራሷ ትክፈተው፣ እትዬ። አደራዎን» አለችኝ።

የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎትታ አወረደች። አይቻለሁ። በርዷት ይሆናል አልኩ። በግንቦት ቤይሩት ምን ብርድ አለ? ሻንጣዬን አልሸከፍኩም ነበርና ጉንጯን ስሜ ሸኘኋት።

ካይሮ ላይ አውሮፕላን ልንቀይር ስንወርድ የአሸዋ ማዕበል በረራውን ሁሉ አስቆመው። ሁለት ቀን ሙሉ ከወንበር ወንበር ስንዘዋወር ሰነበትን። ሻንጣዬ የት እንደ ደረሰ የሚነግረኝ ጠፋ። አብሮኝ ለሥልጠናው የተላከው የሥራ ባልደረባዬ ደሬሳ ጫማውን ተንተርሶ በመከራችን ይቀልዳል። ከእጄ ያልለየሁትን ካርቶን በዓይኑ እየጠቆመ፣ «ቪዛ የላችሁም ብለው እኛን ከዚህ አላስወጡንም፤ ባቅላባውም ከካርቶኑ ለመውጣት ቪዛ ይፈልጋል እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ። ርቦን ነበር ብል ውሸት ነው፤ ሳንድዊች ታድሎናል። ቤይሩት ሳለሁ ግን ከሥልጠናው ስወጣ በየቀኑ ጣፋጭ ቤት መግባት ለምጄ ነበር፤ ቅቤው፣ ለውዙ፣ ሽሮፑ ላይ የሚያርፈው የአበባ ውሃ ሽታ ከአፌ አልጠፋም። አማረኝ፤ ምክንያቱ ይኸው ብቻ ነው። ገመዱን የቆረጠው ደሬሳ አይደለም። እኔ ነኝ።

አንድ አንድ ብቻ ተባባልን። በማግስቱ ካርቶኑ ባዶ ሆነ። ከመጨረሻው ረድፍ ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የታሸገ ፖስታ ነበር። ደሬሳ ስለ በረራው ሊጠይቅ ሄዷል። ቀደድኩት። ማን ፈቀደልኝ?

«እማ፣ አውጪኝ። ይመቱኛል። ስልኬን ወስደውብኛል። በደላላዋ ስልክ ስደውልልሽ ደህና ነኝ የምልሽ አጠገቤ ስለምትቆም ነው።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ለእትዬ ዘይነብ መደወል እችል ነበር። ስልኬ በእጄ፣ ቁጥራቸው በስልኬ። ግን ደብዳቤውን የት አገኘሽው ቢሉኝስ? ባዶውን ካርቶን ጣልኩት። አዳማ እንደ ደረስኩ ከአንድ ኬክ ቤት ባቅላባ ገዛሁ፤ የቤቱ ስም ያለበትንም ወረቀት፣ ናሙና ስይዝ በምጠነቀቀው ጥንቃቄ፣ ከካርቶኑ ላይ ላጥኩ። ደብዳቤውን ለብቻቸው እሰጣቸዋለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩ።

ጎረቤቱ እንኳን ደህና መጣሽ ሊለኝ ቤቴ ተሰብስቦ ነበር። እትዬ ዘይነብ ካርቶኑን ከፍተው ለሁሉም በእጃቸው አደሉ። አንዷ አጣጥማ፣ የኛኑ የአዳማውን ይመስላል ብትል ተቆጧት። «ምኑ ነው የሚመስለው? ይሄ ከባሕር ማዶ የመጣ የልጄ ነው!» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ነገ እሰጣቸዋለሁ አልኩ። በነጋታው ደግሞ፣ ለምን ትናንት አልሰጠሽኝም ይሉኛል አልኩ። በሳምንቱ ይብሱኑ ከበደኝ። አንዲት ልጅ እየተደበደበች እኔ የማፍረው ስለበላሁት ጣፋጭ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለው ይጠሩታል? እኔን ጠንቃቃ ይሉኛል።

ከሰባት ወር በኋላ ሰሚራ ግራ እግሯን እየጎተተች ተመለሰች። ልታመልጥ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ስትወርድ ወድቃ ነው። ልጠይቃት ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ፤ ብርቱካን ይዤ። እናቷ አጠገቧ እንደ ተቀመጡ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ያን ካርቶን ለእማ ሰጥተዋት ነበር?»

«ሰጥቻቸዋለሁ» አልኩ።

እትዬ ዘይነብ ፈገግ አሉ። «እንዴታ! ጎረቤቱ ሁሉ በላው እኮ።»

ሰሚራ እናቷን ብዙ አየቻቸው። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እናቷ ደብዳቤውን አንብበው፣ ጣፋጩን አድለው፣ ዝም ያሏት መስሏታል። አፌን ብከፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። ብርቱካኑን ሳህን ላይ ደረደርኩ።

በወሩ ሻሸመኔ አክስቷ ዘንድ ገባች። ለዒድ እንኳ አትመጣም። እትዬ ዘይነብ ካገኙኝ ቁጥር፣ ምን በድያት ይሆን እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም ጊዜ ይስጧት እያልኩ አጽናናቸዋለሁ። አጽናናቸዋለሁ! ይህን ቃል ስጽፍ እጄን ብቆርጠው ደስ ይለኛል።

የአሸዋውን ማዕበል፣ የጠፋውን ሻንጣ፣ ድካሙን ለምክንያት አላቀርብም። ብዙ ሰው መንገድ ላይ ተጉላልቷል፤ የሰው ልጅ ድምፅ አልቀበረም። ዛሬ ደብዳቤውን ከነተቀደደ ፖስታው ለእትዬ ዘይነብ እወስዳለሁ፤ ነገ ሻሸመኔ እሄዳለሁ። ደጃቸውን ቢዘጉብኝ መብታቸው ነው። ይቅርታ አልለምንም፤ እሱን መለመን የምችልበት ጊዜ ካይሮ ላይ አልፏል። መጀመሪያ የምናገረው ግን ይህ ነው።

ሰሚራ፣ እናትሽ ደብዳቤሽን አላዩትም። አንብቤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።